መስማት አለመቻልና የሚያስገኘው ትርፍ

ስለ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ባህልና አኗኗር በሚጻፉት ጽሑፎች ውስጥ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ አይነሡም። ቢነሡም የሚነሡት በሕክምና ወይም በምጽዋት ረገድ ነው። ሐኪሙ የማይሰማውን ጆሮ ይመረምራል፤ ቸር ሰው ስለ ማይሰማው ጆሮ ያዝናል። ሰውዬው በዚያ ጆሮ ፋንታ ዓለምን በምን እንደሚረዳት፥ ከመሰሎቹም ጋር ምን ዐይነት ቋንቋና ልማድ እንደ መሠረተ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ሁለተኛውን ጥያቄ ለማቅረብ የታሰበ ነው። ዓላማውም መስማት አለመቻል ችግር የለበትም ለማለት ሳይሆን፥ በችግሩ አጠገብ ሳይቈጠር የቀረ ትርፍ መኖሩን በማስረጃ ለማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እናሳስባለን።

1. ስለ ቃሉና ስለ ልማዳችን

ነገሩን ከራሳችን ቋንቋ መጀመር የተሻለ ነው። አማርኛ ለጆሮ ከፍ ያለ ስፍራ የሰጠ ቋንቋ ነው። ታዛዥ ልጅ «ይሰማል»፥ እንቢተኛው «አይሰማም» ይባላል። ሁለት ሰዎች አንድ ሐሳብ ሲይዙ «ተስማሙ» እንላለን። በልብና በሰውነት የሚያድረው ሁሉ «ስሜት» ነው። ለእምነቱ የመሰከረውም ከግእዝ በወረስነው ቃል «ሰማዕት» ይባላል። መታዘዝ፥ መስማማት፥ መሰማትና መመስከር እንግዲህ ሁሉም ከአንድ ግስ፥ «ሰማ» ከሚለው የወጡ ናቸው። በአንጻሩ ደግሞ «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ጆሮው የማይሰማውን ሰው ሲያመለክት፥ «ድንቁርና» ማለት አለማወቅ ሆኖ ይገኛል። ቋንቋው አለመስማትንና አለማወቅን አንድ አድርጎ አስሮአቸዋል ማለት ነው።

ይህም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በአገራችን ዕውቀት ለብዙ ዘመን ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። ዜማውም ቅኔውም ንባቡም ከመምህሩ አፍ የሚቀዳ ነበር፤ የቆሎ ተማሪ የሰማውን በቃሉ ይዞ ይሄድ ነበር። አዋጅም በነጋሪት ይነገር ስለ ነበረ፥ ሕግን ማወቅ ማለት አዋጁን መስማት ማለት ነበር። እንዲህ ባለው ሥርዐት ውስጥ የማይሰማ ሰው ከዕውቀት ደጃፍ ውጭ የቆመ ሆኖ ቢታይ አያስደንቅም። ሆኖም ደጃፉን የዘጋው ጆሮው ነው ወይስ በሩ የተሠራበት አኳኋን? ለዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት አንድ ትንሽ ምሳሌ እናቅርብ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በልጅነቱ የሚያውቃቸው አንድ መስማት የተሳናቸው ሸማኔ ነበሩ። የሰፈሩ ሰው የሚጠራቸው በስማቸው ሳይሆን በጆሯቸው ነበር። እርሳቸው ግን ከባለቤታቸውና ከደንበኞቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት የእጅ ምልክት ነበራቸው። የክሩን ቅጥነት፥ የጥለቱን ዐይነት፥ የነጠላውን ዋጋና ሥራው የሚያልቅበትን ቀን በእጃቸው ያስረዱ ነበር፤ ባለቤታቸውም በዚያው በእጅ ይመልሱላቸው ነበር። እኛ ልጆቹ ይህን ምልክት ለመሳለቅ ያህል እንቀዳው ነበር። ብዙ ዓመት ቆይቶ ጸሓፊው በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለ፥ ስለ ምልክት ቋንቋ አሠራር በተሰጠ አንድ ትምህርት ላይ ተቀምጦ፥ ያ የተሳለቅንበት ነገር ሥርዐት የነበረው ንግግር መሆኑን ተረዳ። በዚያን ጊዜ ግን ሸማኔው ዐርፈው ነበር፤ ከምልክቶቻቸውም አንዱን እንኳ የመዘገበ ሰው አልነበረም።

2. ሁሉም በእጅ የተነጋገሩባት ደሴት

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ማርታስ ቪንያርድ የምትባል ደሴት አለች። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ከእንግሊዝ አገር፥ ከኬንት አውራጃ ዘራቸው የሚመዘዝ ቤተ ሰቦች ሰፈሩባት። ከእነርሱም መካከል መስማት አለመቻልን በዘር የሚያወርስ ባሕርይ ያላቸው ነበሩ። ይህ ባሕርይ ከአባትም ከእናትም ካልተገናኘ አይገለጥም፤ ነገር ግን የደሴቲቱ ሰዎች ለብዙ ትውልድ እርስ በርሳቸው ሲጋቡ ስለ ኖሩ፥ ከሚሰሙ ወላጆች መስማት የተሳናቸው ልጆች እየተወለዱ ሄዱ። በታሪክ የታወቀው የመጀመሪያው መስማት የተሳነው የደሴቲቱ ነዋሪ በ1694 የሰፈረው ጆናታን ላምበርት ሲሆን፥ የዚህ ዘር የመጨረሻዋ ሴት ያረፈችው በ1952 ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአሜሪካ በጠቅላላው ከ5,728 ሰው አንዱ መስማት የተሳነው ሆኖ ሲገመት፥ በዚህች ደሴት ከ155 ሰው አንዱ፥ ቺልማርክ በሚባለውም መንደር ከ25 ሰው አንዱ እንዲሁ ነበረ።

ኖራ ኤለን ግሮስ የተባለችው የአሜሪካ አንትሮፖሎጂስት የደሴቲቱን ሽማግሌዎች እየጠየቀች ያሰባሰበችውን ጥናት በ1985 አሳትማለች። ጥናቱ እንደሚያስረዳው፥ በቺልማርክና በአካባቢው የሚሰማውም የማይሰማውም የምልክቱን ቋንቋ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ልጆች ይህን ቋንቋ የሚማሩት እንግሊዝኛን በሚማሩበት አኳኋን፥ ከቤትና ከመንገድ ነበር። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ዓሣ ያጠምዱ፥ ያርሱ፥ ይነግዱ፥ ያገቡ፥ በመንደሩ ሸንጎ ይከራከሩ፥ በሹመትም ያገለግሉ ነበር። ብዙዎቹ ያገቡት የሚሰሙ ሰዎችን ነው።

ለጥናታችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሽማግሌዎቹ የመለሱበት አኳኋን ነው። ግሮስ በዱሮ ጊዜ ስለ ኖሩ ሁለት ሰዎች አንዲት ሴት ብትጠይቅ፥ ሴትዮዋ ሁለቱም ጥሩ ዓሣ አጥማጆች እንደ ነበሩ ብቻ ነገረቻት። «መስማት የተሳናቸው አልነበሩምን?» ተብላ በተጠየቀች ጊዜ ነው ነገሩ ትዝ ያላት። እነዚያ ሰዎች በጎረቤታቸው አእምሮ የተመዘገቡት በሥራቸው እንጂ በጆሯቸው አልነበረም። ከዚህ በላይ ያነሣናቸው ሸማኔ ደግሞ በሰፈራቸው የታወቁት በጆሯቸው እንጂ በሥራቸው አልነበረም። የሁለቱ ልዩነት በጆሮ ላይ የሚገኝ አይደለም፤ በጎረቤቱ እጅ ላይ ነው።

ትርፉም የማይሰሙት ብቻ አልነበረም። ሁለት ዓሣ አጥማጆች በባሕር ላይ፥ ድምፅ በማይደርስበት ርቀት፥ ከጀልባ ወደ ጀልባ በእጅ ይነጋገሩ ነበር። በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ዝም ማለት ግድ በሚሆንበት ጊዜ የሚሰሙት እርስ በርሳቸው በምልክት ይጫወቱ ነበር። መስማት የተሳነው ሰው በሌለበት ስፍራ እንኳ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። መስማት ያልቻሉት ሰዎች ለደሴቲቱ ሁለተኛ ቋንቋ አበረከቱላት ማለት ይቻላል።

ይህ ምሳሌ ብቻውን የቆመ አይደለም። በጋና አዳሞሮቤ በሚባለው መንደር፥ በኢንዶኔዥያ በባሊ ደሴት በቤንግካላ መንደር፥ በኔጌቭ ምድረ በዳም አል ሰይድ በሚባሉት የበደዊን ነገድ ዘንድ ተመሳሳይ ሁኔታ ተገኝቷል። ከመንደር ወጥተን ወደ ቤተ መንግሥትም ብንሄድ፥ ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በኦቶማን ሱልጣኖች እልፍኝ መስማት የተሳናቸው አገልጋዮች ነበሩ። በሱልጣኑ ፊት ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ክብሩን እንደ መድፈር ይቈጠር ስለ ነበረ፥ የእነርሱን የእጅ ቋንቋ የሚሰሙት ባለሟሎችም ይማሩት ነበር። በዚያ ስፍራ ዝምታ የክብር ምልክት በመሆኑ የዝምታ ቋንቋ ባለቤቶች ተፈላጊ ሆኑ። አርምሞን እንደ ታላቅ ምግባር ለሚቈጥረው ለእኛ የገዳም ትውፊት ይህ ሐሳብ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በሶማሌ የከብት ገበያም ደላሎች ሌላው እንዳያውቅባቸው በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው፥ ጣት እየተጫኑ ዋጋ የሚነጋገሩበት ልማድ አለ። የሚሰማ ሰውም ቢሆን እጅ ከአፍ የሚሻልበት ጊዜ እንዳለ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል።

3. ስለ ቋንቋው

የምልክት ቋንቋ ሲባል ብዙ ሰው ጥቅሻና የእጅ ማመልከት ይመስለዋል። ይህን አስተሳሰብ በሳይንስ መንገድ የለወጠው በዋሽንግተን ከተማ፥ በዚያን ጊዜ ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በጋሎዴት ያስተምር የነበረው ዊልያም ስቶኪ ነው። ስቶኪ በ1960 ባሳተመው ጥናት፥ በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ አንድ ቃል ከሦስት ነገሮች እንደሚገነባ አሳየ። እነዚህም የእጁ ቅርጽ፥ እጁ የሚያርፍበት ስፍራና እጁ የሚንቀሳቀስበት አኳኋን ናቸው። በንግግር ቋንቋ አንዱን ድምፅ ብንለውጥ ቃሉ እንደሚለወጥ ሁሉ፥ ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ ምልክቱ ሌላ ቃል ይሆናል።

ሰዋስውም አለው። አማርኛ «ሰጠሁህ» ሲል ሰጪውንና ተቀባዩን በአንድ ግስ ውስጥ ያስገባል፤ እንግሊዝኛ ግን ለዚሁ ሦስት ቃል ያስፈልገዋል። በብዙ የምልክት ቋንቋዎች «መስጠት» የሚለው ምልክት ከሰጪው ስፍራ ተነሥቶ ወደ ተቀባዩ ስፍራ ይንቀሳቀሳል፤ በዚህም ሁለቱን ባለቤቶች በአንድ እንቅስቃሴ ይገልጻል። ከዚህም ጋር የቅንድብና የፊት አኳኋን ዐረፍተ ነገሩ ጥያቄ መሆኑን ያሳያል። ድምፅ አንዱ ከሌላው በኋላ ተሰልፎ ሲወጣ፥ ምልክት ግን ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሊያቀርብ ይችላል። ቤት የት እንደ ቆመ፥ ወንዙ በየት በኩል እንደሚያልፍ፥ መንገዱ በየት እንደሚታጠፍ ለመንገር፥ ቦታን በቦታ የሚገልጽ ቋንቋ ያለው ብልጫ ግልጽ ነው።

የምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ ነው የሚለውም ስሕተት ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ሕዝብ በአፍ የሚነጋገሩት በአንድ ቋንቋ ሲሆን፥ የሁለቱ አገሮች የምልክት ቋንቋዎች ግን የማይግባቡ ናቸው። የአሜሪካው ይበልጥ የሚቀርበው ለፈረንሳዩ ነው። ምክንያቱም በ1817 በሃርትፎርድ ከተማ የመጀመሪያውን ቋሚ ትምህርት ቤት ከቶማስ ጋሎዴት ጋር ያቋቋመው ሎራን ክሌርክ፥ መስማት የተሳነው የፓሪስ መምህር ስለ ነበረ ነው። የማርታስ ቪንያርድ ልጆችም በዚሁ ትምህርት ቤት ስለ ተማሩ የደሴታቸውን ምልክት ይዘው ገብተዋል።

ለቋንቋ ጥናት ከሁሉ የበለጠው ስጦታ የመጣው ግን ከኒካራጓ ነው። በ1977 በማናጓ ከተማ በተከፈተ ትምህርት ቤት፥ ከዚያም በ1980 በሙያ ትምህርት ቤት፥ ቀድሞ በየቤታቸው ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ መስማት የተሳናቸው ልጆች ተሰበሰቡ። መምህራኑ የከንፈርን እንቅስቃሴ እያዩ እስጳንኛ እንዲማሩ ቢሞክሩም ብዙ አልተሳካላቸውም። ልጆቹ ግን በመጫወቻ ሜዳና በአውቶቡስ ውስጥ እያንዳንዳቸው ከቤት ያመጡትን ምልክት አዋሕደው የጋራ መነጋገሪያ ፈጠሩ። ከእነርሱ በኋላ የገቡት ትንንሾቹ ደግሞ ያንን ተቀብለው ይበልጥ የተሟላ ሰዋስው ያለው ቋንቋ አደረጉት። የቋንቋ ሊቃውንት አንድ ቋንቋ ከመነሻው ሲወለድ በዓይናቸው ለማየት የቻሉት በእነዚህ ልጆች ምክንያት ነው። ቋንቋ የምላስ ሳይሆን የአእምሮ ሀብት መሆኑን ያስተማሩን መስማት የተሳናቸው ሰዎች ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የዕለት ተዕለቱም ጥቅም ቀላል አይደለም። በእጅ የሚነጋገሩ ሰዎች መኪና በሚጮህበት አደባባይ ማዶ ለማዶ ቆመው፥ በተዘጋ መስኮት ውስጥና ውጭ ሆነው፥ በውሃ ውስጥ ጠልቀው፥ ጉርሻ በአፋቸው ይዘው ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ። ልዩ ልዩ የምልክት ቋንቋ ያላቸው ሰዎች ሲገናኙም ከተናጋሪዎች ይልቅ ቶሎ መግባቢያ መንገድ ያገኛሉ። ስለዚህም ከአገር አገር የሚዘልቅ ወንድማማችነት መሥርተዋል። የዚህም ምስክር በ1924 በፓሪስ ተጀምሮ እስከ ዛሬ የሚካሄደው የራሳቸው ዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድር ነው።

4. ስለ ዓይንና ስለ አእምሮ

«እግዚአብሔር አንዱን ቢነሣ ሌላውን ይሰጣል» እየተባለ በሕዝብ ዘንድ የሚነገረው አነጋገር ምን ያህል እውነት እንዳለው ሊቃውንት መርምረዋል። የተገኘው ውጤት ከአነጋገሩ ይልቅ ጠባብ፥ ግን ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ዓይን ከሌላው ሰው ይልቅ ረቂቅ ፊደል አያነብም። የዓይናቸው ኀይል በጠቅላላው አልጨመረም። የጨመረው በእይታ ዳርቻ ለሚሆነው ነገር የሚሰጡት ትኵረት ነው። ሔለን ኔቪልና ዶናልድ ሎሰን በ1987 ባወጡት ጥናት፥ ከተወለዱ ጀምሮ የማይሰሙ ሰዎች ፊት ለፊት እየተመለከቱ ሳለ በጎን የሚደረገውን እንቅስቃሴ ከሚሰሙት ይልቅ ፈጥነው እንደሚለዩ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ዳፍኔ ባቬሊየርና ሌሎች ተመራማሪዎች ይህንኑ አረጋግጠዋል። ምክንያቱን ለማስተዋል አያስቸግርም። የሚሰማ ሰው ከኋላና ከጎን የሚመጣበትን በጆሮው ይጠብቃል፤ መስማት የተሳነው ግን ይህን ዘብ ለዓይኑ ሰጥቶታል።

ይህ ለውጥ በአንጎል ውስጥ የት እንደሚደረግ በ2010 በታተመ ጥናት ላይ እስቴፈን ሎምበርና ባልደረቦቹ በድመቶች መርምረዋል። ከተወለዱ ጀምሮ የማይሰሙት ድመቶች በዳርቻ ያለን ነገር በመለየትና ዝግ ያለ እንቅስቃሴን በማስተዋል ከሚሰሙት ተሽለው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ የመስማት ሥራ ሊሠራ የሚገባውን የአንጎል ክፍል ለጊዜው በማቀዝቀዝ ባስተኙት ጊዜ ግን ይህ ብልጫ ጠፋ። እንግዲህ የጆሮው ርስት ጦም አላደረም፤ ዓይን አርሶታል ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ፥ ከጆሮው ሳይሆን ከቋንቋው የሚመጣ ትርፍ አለ። ካረን ኤሞሪና ባልደረቦቿ በ1993 እንዳሳዩት፥ በምልክት ቋንቋ የሚነጋገሩ ሰዎች አንድን ቅርጽ በሐሳባቸው በመሣል ፈጣኖች ናቸው። ይህም ብልጫ መስማት ከተሳናቸው ወላጆች በተወለዱ፥ የምልክት ቋንቋ አፍ መፍቻቸው በሆነ የሚሰሙ ሰዎች ዘንድ ጭምር ታይቷል። ስለዚህ ይህ ስጦታ ሊማረው ለሚወድ ሁሉ ክፍት ነው።

አንድ ሌላ ታሪክ እንጨምር። የአሜሪካ ባሕር ኀይልና የጠፈር ምርምር ድርጅት፥ ሰው ክብደት በሌለበት ስፍራ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከ1958 ጀምሮ ለ10 ዓመት ያህል ባካሄዱት ምርመራ፥ ከጋሎዴት የመጡ 11 መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተካፍለዋል። ከ11ዱ 10ሩ በልጅነታቸው የማጅራት ገትር በሽታ ይዞአቸው የመስማት ብቻ ሳይሆን በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘው የሚዛን መጠበቂያ አካላቸውም ተበላሽቶ ነበር። በዚህ የተነሣ እንቅስቃሴ አያጥወለውላቸውም። አራቱ በዝግታ በሚሽከረከር ክፍል ውስጥ 12 ቀን ቆይተዋል። በሌላ ጊዜ ደግሞ በካናዳ ጠረፍ ማዕበል በበዛበት ባሕር ላይ በመርከብ ሲጓዙ፥ እነርሱ ተረጋግተው ካርታ ሲጫወቱ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በባሕር ሕመም ስለ ተያዙ ምርመራው ተቋርጧል። በሐኪም መዝገብ ጉድለት ተብሎ የተጻፈው ነገር በዚያ መርከብ ላይ ጤንነት ሆኖ ተገኘ።

5. ትርፉ የሚገኝበትና የሚጠፋበት ሁኔታ

እነዚህን ሐሳቦች አንድ ላይ ሰብስበው በ2009 ያቀረቡት የጋሎዴት መምህራን ዲርክሰን ባውማንና ጆሴፍ መሬይ ናቸው። ሐኪሞች «መስማትን ማጣት» የሚሉትን ገልብጠው «የመስማት መሳን ትርፍ» የሚል ስም ሰጡት። መነሻ የሆናቸውም የአንድ እንግሊዛዊ አርቲስት፥ የአሮን ዊልያምሰን ጥያቄ ነው። እርሱም ብዙ ሐኪሞች መስማትን እያጣህ ነው ሲሉት አንዱ እንኳ አዲስ ነገር እያገኘህ ነው ያላለው ለምን እንደ ሆነ ጠይቆ ነበር።

ሆኖም ይህን ትርፍ ስንቈጥር መጠንቀቅ ይገባል። ትርፉ ከጆሮው ጋር አብሮ የሚወለድ አይደለም፤ ቋንቋና ማኅበር ሲገኙ ብቻ የሚገኝ ነው። መስማት ከተሳናቸው ወላጆች የተወለደ ሕፃን ገና በዓመቱ ገደማ ሌላው ሕፃን «ባ ባ» እንደሚል እርሱም በእጁ መኰላተፍ ይጀምራል፤ ቋንቋውንም በጊዜው ይይዛል። ነገር ግን በአሜሪካ በተደረገው ቈጠራ መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ወላጆቹ ምልክት ካልተማሩ፥ ልጁም መሰሎቹን ካላገኘ፥ ቋንቋ በአእምሮ ሥር የሚሰድባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባዶ ሆነው ያልፋሉ። በኋላ የሚደረግለት ትምህርት ይህን ጉዳት ሙሉ በሙሉ ሊክሰው አይችልም። ሰዎች በልጁ ላይ የሚያዩት «ድንቁርና» እንግዲህ ከጆሮው የመጣ ሳይሆን ቋንቋ ከመከልከሉ የመጣ ነው።

ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በ1880 በሚላኖ ከተማ የተሰበሰቡ፥ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ የሆኑ መምህራን፥ ትምህርት በአፍ ንግግር እንጂ በምልክት እንዳይሰጥ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ ልጆች በክፍል ውስጥ እጃቸውን እንዳያንቀሳቅሱ ሲከለከሉና ሲቀጡ ኖሩ፤ መስማት የተሳናቸው መምህራንም ከሥራ ወጡ። የዚያው ጉባኤ ወራሽ የሆነው ዓለም አቀፍ የመምህራን ጉባኤ ውሳኔውን በይፋ የሻረው በ2010 በቫንኩቨር ከተማ ነው። በመካከሉ 130 ዓመት አልፏል። በጎ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች የሚረዷቸውን ሰዎች ሳይጠይቁ ሲወስኑ የሚደርሰው ጥፋት ይህን ያህል ረዥም ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

ምልክትን መማር የአፍን ቋንቋ ወይም የሕክምናን መሣሪያ መተው ነው የሚሉም አሉ። ይህ ግን አንዱን ከአንዱ የሚያጣላ ነገር አይደለም። በማርታስ ቪንያርድ የሚሰሙት ልጆች ሁለቱንም ቋንቋ ይዘው አድገዋል፤ አንዱ ሌላውን አላበላሸባቸውም።

6. በአገራችን ስላለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ፥ በአብዛኛው በሚሲዮናውያን አማካይነት ነው። ከውጭ አገር የገባው ምልክትና ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ያመጡት ምልክት ተቀላቅሎ ዛሬ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የሚባለው አድጓል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራሱን የቻለ የዲግሪ ትምህርት ሆኗል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። ይህ ስምምነት የምልክት ቋንቋንና መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ባህል በስም ጠቅሶ ዕውቅና እንዲሰጣቸው ያዝዛል።

ለፊደል ተመራማሪዎች የሚሆን አንድ ነገር እዚህ ላይ መጥቀስ ተገቢ ነው። በእጅ ፊደል መጻፍ በሌሎች አገሮች አንዱን የእጅ ቅርጽ ለአንድ ፊደል መስጠት ነው። የእኛ ፊደል ግን አንዱ ተነባቢ በሰባት ድምፅ የሚረባ ስለ ሆነ በዚህ መንገድ ቢሄዱ ከ200 በላይ ቅርጽ ባስፈለገ ነበር። የኢትዮጵያ የእጅ ፊደል ይህን በብልሃት ፈትቶታል። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ሲያመለክት፥ የእጁ እንቅስቃሴ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ያመለክታል። «በ፥ ቡ፥ ቢ፥ ባ፥ ቤ፥ ብ፥ ቦ» ሲባል ቅርጹ አይለወጥም፤ እንቅስቃሴው ብቻ ሰባት ጊዜ ይለወጣል። የፊደላችንን ውስጣዊ ሥርዐት እንዲህ በዓይን እንዲታይ አድርጎ የሚያቀርብ ሌላ መንገድ ማግኘት ያስቸግራል። ፊደል ቈጣሪ ሕፃናት ሁሉ፥ የሚሰሙትም ጭምር፥ ሊጠቀሙበት የሚችሉ ነው።

ያልተሠራው ሥራ ግን ብዙ ነው። ትምህርት ቤት ባልደረሰበት ገጠር፥ በየሸማኔው ጎጆ፥ በየገበያውና በየእርሻው፥ እያንዳንዱ መስማት የተሳነው ሰው ከቤተ ሰቡ ጋር የፈጠረው ምልክት አለ። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት የማይሰሙ ልጆች ባሉበት ስፍራ ምልክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ምን መልክ እንደሚይዝ፥ ሰሚዎቹ ጎረቤቶች ምን ያህሉን እንደሚያውቁ፥ ለሰው ስም፥ ለዝምድና፥ ለበዓልና ለጾም ምን ምልክት እንደሚሰጥ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። የቤት ምልክት ከባለቤቱ ጋር የሚሞት ቋንቋ ነው። በዚህ ረገድ ለጥናት የሚወጡ ተማሪዎች ወደ አንድ መንደር ሲገቡ «በዚህ አገር በእጁ የሚነጋገር ሰው አለ?» ብለው ቢጠይቁ፥ የአንድ ቀን ትዕግሥት ብቻ ጨምረው ለትምህርታችን ታላቅ ነገር ሊያመጡ ይችላሉ። ሲሄዱም መስማት የተሳናቸውን ምሁራን ይዘው፥ ወይም በእነርሱ ተመርተው ቢሄዱ ይበልጥ የተገባ ነው፤ የቋንቋው ባለቤቶች እነርሱ ናቸውና።

በመጀመሪያ ላይ ያነሣነውን ጥያቄ አሁን ልንመልሰው እንችላለን። መስማት የተሳነውን ሰው ከዕውቀት ደጃፍ ውጭ ያቆመው የጆሮው መዘጋት ሳይሆን ሌላ በር አለመከፈቱ ነው። በሩ በተከፈተባቸው ስፍራዎች ሁሉ፥ በደሴቲቱም ቢሆን በኒካራጓም ቢሆን፥ ከውጭ የነበረው ሰው ሲገባ በውስጥ ላለነው ሁሉ የሚጠቅም ነገር ይዞ ገብቷል። በአማርኛችን «መስማማት» ከመስማት ቢወለድም፥ የቺልማርክ ሰዎች ከ200 ዓመት በላይ በእጃቸው ተስማምተው ኖረዋል። የእኛዎቹ ሸማኔና ባለቤታቸውም በአንዲት ጎጆ ውስጥ፥ ማንም ሳያስተምራቸው፥ ይህንኑ አድርገው ነበር። ከእንግዲህ ወዲህ እንዲህ ያለው ቤት ሳይመዘገብ እንዳይቀር የዚህ መጽሔት አንባቢዎች እንዲያስቡበት በትሕትና እናሳስባለን።